የጋሽ በቀለ «ተመስገን»

የሚጥል በሽታ ጥሎትም ቢሆን «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» የሚል ሰው አልገጠማችሁም? እኔን ገጥሞኛል። ኮዬ ፈጬ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ጋሽ በቀለ ናቸው። የታላቅ እህታቸው የእትዬ አልማዝ ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። ሆስፒታሉ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚከርሙ ስለሚያጠና፣ አንዲት ነርስ በየጊዜው እየደወለች ትጠይቃቸዋለች።

ባለፈው ስትደውል አጠገባቸው ነበርኩ።

«እግርዎ ያብጣል?»

«ተመስገን!»

«ሽንትዎስ?»

«እሱ ይመስገን። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና?»

ይህን ሲሉ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸዋል። ታዲያ የሚያጠኑት ሐኪሞች ምን ይጻፉ? ኩላሊት የተተከለለት ሰው ካልተተከለለት ይበልጥ ጤነኛ ነው ይበሉ?

«ጋሼ፣ እብጠቱን ይንገሯት እንጂ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አክብራ ጤናዬን ብትጠይቀኝ በሽታዬን ላሸክማት?»

እትዬ አልማዝ ከጓዳ ሆነው ይህን ሰምተው ብቅ አሉና ስልኩን ነጠቋቸው። «ስሚኝ ልጄ፣ እግሩ አብጧል፤ ሽንቱም ቀንሷል።»

«ምነው እትዬ! ገመናዬን?»

«እግሩ ያንተ ነው፤ ኩላሊቱ ግን የኔ ነው» አሏቸውና ወደ ስልኩ ተመለሱ፤ «ዛሬውኑ ይዤው እመጣለሁ።»