ክብርት የጎን ወንበር አብራሪ

በወጣትነቴ ያነበብኳቸው በራሪ ወረቀቶች ዓለም በሁለት መደብ የተከፈለች ናት ይሉ ነበር። መከፈሏስ እውነት ነው፤ መደቦቹን ግን አላወቋቸውም። አንደኛው መሪ የሚይዝ ሰው ነው። ሁለተኛው ከጎኑ ተቀምጦ የሚነዳው ሰው ነው። ብዝበዛ ማለትም ይኸው ነው፤ ነዳጁን አንዱ ይሞላል፣ መንገዱን ሌላው ያዛል።

የሁለተኛው መደብ ሊቀመንበር ጎረቤቴ ክብርት ወይዘሮ ታየች ናቸው። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ አማኝ ሆኜ ሳይሆን ከጸሎቱ በኋላ ምሳ ስላለ ነው። ክብርትነታቸው መኪና ውስጥ ዘው ብለው አይገቡም። መጀመሪያ ዙሪያዋን ይዞራሉ። ጎማ በእግራቸው ይጠልዛሉ፣ መስተዋት ይነቀንቃሉ፣ ዘይት እያንጠባጠበች እንደሆነ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ያያሉ። ከዚያ ቀበቷቸውን አስረው «ዝግጁ!» ይላሉ። የእኔም አበሳ ይጀምራል።

«ጓድ ይልማ፣ ግራውን ለፓርቲህ ተውና ቀኝህን ያዝ።»

«እትዬ ታየች፣ መሪውን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እኔስ የምፈራው እሱን አይደል! ሚስ ዶሮቲ ብታይህ ምን ትል ይሆን?»

ራሳቸው መንጃ ፈቃድ የላቸውም። አንድ ጊዜ ለፈተና ቀርበው ነበር። መኪናዋን ሲዞሩ፣ ሲጠልዙ፣ ሲነቀንቁ ሰዓቱ አለቀ። ፈታኙ በትሕትና «ሌላ ቀን ይምጡ» ቢላቸው፣ «አንተም ቀበቶህን ሳታስር ነው የተቀመጥከው» ብለው እሱን ጥለውት ወጡ።

ሚስ ዶሮቲ ማን ናት? እትዬ ታየች ቤቷ እየተመላለሱ እስክትሞት ድረስ ያስታመሟት አሜሪካዊት ባልቴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብራሪ ነበረች። ከፋብሪካ የወጣውን አዲስ አውሮፕላን እያበረሩ ለጦር ሰፈር ከሚያስረክቡት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል «እናመሰግናለን፤ አሁን ወደ ጓዳችሁ» ተባሉ። አይግረማችሁ። እኔ ያነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ስለ ሴቶች ነፃነት አንድ አንቀጽ ነበራቸው፤ ጓዳ ተደብቀው የሚያባዟቸው ግን ሴቶች ነበሩ።

እነ ሚስ ዶሮቲ ጓዳ አልገቡም። ሰላም ሲሆን ከአገር ዳር እስከ አገር ዳር በአውሮፕላን እርስ በርስ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ባልቴቷ ይህን ሁሉ አልጋዋ ላይ ሆና ስትተርክ እትዬ ታየች ሾርባ እያጎረሱ ሰሙ። ሾርባው ያኔ አለቀ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ እኔ መኪና ውስጥ ይፈሳል።

እውነተኛዋ አብራሪ የወንድማቸው ልጅ ሐሌሉያ ናት። እዚሁ የተወለደች፣ የአክስቷን ተረት እየሰማች አድጋ የነርሲንግ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሰማይ የሸሸች ልጅ። አባቷ አቶ ራጉኤል ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ልጁም ነጭ ጋውን ለብሳ በአጠገቡ እንድታልፍ ነበር ሕልሙ። ዘንድሮ በሴቶች የአየር ውድድር ስትመዘገብ ፍርዱን ሰጠ፦ «ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ከገባሽ ብረሪ። ካልገባሽ ነርሲንግ።»

«ዲል» ብላ ተስማማች።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል አብራት የምትበረው ጓደኛዋ እጇ ተሰበረ። ደንቡ ደግሞ በአንድ አውሮፕላን ሁለት ሴት ይላል፤ የሁለተኛዋን ፈቃድ ግን አይጠይቅም። ልጅቷ ጨነቃት፣ አክስቷ ዘንድ መጣች።

«አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ከጎኔ ቁጭ በይልኝ። ግን ምንም ነገር ታች እንዳታደርጊ፤ በእጅሽ እንዳትነኪ።»

«እኔ? በሕይወቴ መሪ ነክቼ አላውቅም!» አሉ እትዬ ታየች ደረታቸውን ነፍተው። እውነታቸውን ነው።

ሄዱ። እኔም ሰላም አገኘሁ አልኩ።

አርብ የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረሻው ሰሜን ላስ ቬጋስ ላይ ማረፍ ግዴታ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰብን። ከካዚኖ ሺፍት የወጣው ሁሉ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጥቷል። ፓስተር ተረፈ የስልካቸውን ካርታ ግድግዳው ላይ አበሩት። የሌሎቹ አውሮፕላኖች ወደ እኛ ይጎርፋሉ። የእነ ሐሌሉያ ግን ኒው ሜክሲኮ ላይ እንደ ተመታች ዝንብ ተጣብቃለች። ዜናው ደግሞ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ተነሥቷል ይላል።

«ነፋሱ አግቷቸዋል!» አሉ ፓስተር። «ወገኖች፣ ተነሡ!»

እንዴት ያለ ጸሎት መሰላችሁ! ፓስተሩ ነፋሱን ገሠጹት፣ አሰሩት፣ በስሙ ጠርተው አባረሩት። ሕዝቡ ጮኸ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮት ብናይ፣ ፊት ለፊት ያለው የመኪና መሸጫ ባንዲራዎች እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥለዋል። እልልታው ሳያባራ የፓስተሩ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

«ማነው የጸለየው?» እትዬ ታየች ናቸው።

«እኛ ነን እህታችን! ጌታ ሰማን!»

«ማን ጸልዩ አላችሁ? ያ ነፋስ እኮ የኛ ነበር!»

እሳቸው አስረዱን። በዚህ ውድድር ቀድሞ የገባ አያሸንፍም። እያንዳንዱ አውሮፕላን የሚለካው ለራሱ ከተመደበለት ፍጥነት ጋር ነው፤ ልኩን በብዙ ያለፈ ያሸንፋል። ብልጥ አብራሪ ከኋላው የሚገፋው ነፋስ እስኪመጣ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ሐሌሉያ ሁለት ቀን የጠበቀችውን ነፋስ፣ ሞተር ልታስነሣ ስትል፣ ምእመናን አሰሩባት።

«መልሱልኝ!» አሉ።

ሽማግሌው አቶ ዳግም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፓስተር፣ የተገሠጸ ነፋስ ይመለሳል? ጥቅስ አለው?»

«ባሕር የከፈለው ነፋስ ከየት ነበር?» አሉ ፓስተሩ ላብ እየጠረጉ።

«ከምሥራቅ!» አለ ሕዝቡ።

«በሉ እንግዲህ፣ እሱን እንጠይቅ!»

ሁሉም ተንበረከከ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የማን ድምፅ ነበር? ልጁ ብትሸነፍ ነርስ የምትሆንለት አቶ ራጉኤል፣ ግንባሩን ወንበር ላይ ደፍቶ «ግፋልኝ! ልጄን ግፋልኝ!» ይላል። እኔ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ስልኩ ገና አልተዘጋም።

«ጓድ ይልማ እዚያ አለ?»

«አለሁ።»

«አንተስ?»

«እትዬ ታየች፣ እኔ እኮ አላምንም።»

«ነፋስ መኖሩን ታምናለህ?»

«እሱንማ አምናለሁ።»

«እንግዲያስ ከዚያው ጀምር» ብለው ዘጉት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምሥክር እንዳይኖር አንዱን ብቻ።

ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ልትነክስ ስትል፣ ሁላችንም ሄደን በምንጠብቅበት በሰሜን ላስ ቬጋስ አየር ማረፊያ አረፉ። ነፋሱ ከየት እንደመጣ ፓስተሩና የአየር ትንበያ ክፍሉ ይከራከሩበት። ውጤቱ ሲነገር ዘጠነኛ ሆኑ። አቶ ራጉኤል ልጁን አቅፎ አለቀሰ። «በቃ፣ ብረሪ። ግን ሁልጊዜ ከአክስትሽ ጋር።»

«ኖ! ኖ ዌይ፣ ዳድ! ነፋሱን እንኳን ኮሬክት ታደርጋለች!»

እትዬ ታየች አልሰሟትም። እየተንገዳገዱ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ጸለይክ?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኩ።

ውሸቴን ነው። የሰው ልጅ ከለመደው ቋንቋ ውጭ መጸለይ አይችልምና፣ ያልኩት ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ አልተመቸኝም። ሴትዮዋ በአስቸኳይና ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ትመለስልኝ!»