በሰው አገር ጣልቃ የማይገባው ግርማ

በሰው አገር ጉዳይ መግባትን አጥብቆ የሚቃወም፣ በሰው ቤት ጉዳይ ግን ሳይጠሩት የሚገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ግርማ።

ድሮ ታክሲ ልነዳ ስል «ሴት ልጅ በዴንቨር በረዶ?» ብሎ ባሌን ያሳመነብኝ እሱ ነው። አልረሳሁም። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከሚኖርበት አውሮራ እኔ ሰፈር ሞንትቤሎ ድረስ መጣ፤ ቤቴን ሸጬ ሌክውድ የሚኖረው ልጄ ጋ እንድገባ ሊያስማማኝ። ልጄ አልላከውም፤ እኔም አልጠራሁትም።

ነገሩን ሳይጀምር ስለሚደግፈው የፕሬዚዳንት ዕጩ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ። ዜግነት ከወሰደ ወዲህ አሜሪካንን «እኛ» ነው የሚላት።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ጦሩን ከሰው አገር ያስወጣል። ማን ጠራን? እንርዳችሁ ብለን ገብተን ያልበጠበጥነው አገር አለ?»

«ብቻቸውን ይችሉታል ብለህ ነው?»

«ለራሳቸው ከነሱ በላይ ማን ያውቃል?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ታዲያ ዛሬ እናንተን ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ግርማ ሻዩን አስቀመጠ።

«ያ የውጭ ጉዳይ ነው እትዬ። እርስዎ የውስጥ ጉዳይ ነዎት።»

ስለ ቤቱ ግን ማንም ሳይተነፍስ ሻያቸውን ጠጥተው ተነሱ። ግርማ ሲወጣ እንኳ አላስቻለውም፤ «የበሩ ቁልፍ አርጅቷል፣ ቢያስለውጡት ይሻላል» ብሎ መከረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሩን ሰማሁ፤ በማግስቱ አስለወጥኩት። የድሮው ቁልፍ አንድ መክፈቻ፣ ባሌ ካረፈ ጀምሮ፣ ግርማ ኪስ ውስጥ ነበር።