ከፈረስ ጋር የተከራየሁት ቤት

ሰው በወጣትነቱ የሚዋሸው ለመወደድ ነው፤ ካረጀ በኋላ የሚዋሸው ስለ አባቱ ነው። ወጣቱ ቢነቃበት ቢበዛ ፍቅረኛ ያጣል። ሽማግሌው ሲነቃበት ግን የሚዋረደው መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ነውና፣ ውሸቱን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። መጽሐፍማ አንብቤአለሁ፤ አርባ ዓመት አሳይታ ውስጥ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጠብቅ አንባቢ ስለማይመጣ እኔው ከማንበብ ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ይህን የተማርሁት ግን እዚህ እንጅባራ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በራሴ ላይ ቆልፌ ነው።

ከአሳይታ ሙቀት ወደ ተወለድሁበት ብርድ ስመለስ የፈለግሁት ጸጥታ ብቻ ነበር። ዘመድ ቤት አልሄድሁም፤ እኔ ስለ ዘመዶቼ የማስበውን እነሱም ስለ እኔ ያስባሉ። ስለዚህ ደላላ ያዝሁ። ደላላ ማለት ጉድጓድ አሳይቶ «ምድር ቤትም አለው» የሚል ፍጥረት ነው። ይኸኛው «የነጋዴና የባለሥልጣን ሰፈር ነው፤ ውሻው እንኳ ሳይፈቀድለት አይጮህም» እያለ ወሰደኝ።

እውነት ለመናገር ቤቱ ያምራል። ፎቁ ገና ብረቱን አንጨፍርሮ የቀረ ቢሆንም ምድሩ አዲስ ታድሷል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም፣ የሳሎኑ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚንሸራተት መስታወት። ከመስታወቱ ማዶ በቀርከሃ የታጠረ ሰፊ ሣር፣ በዳር በዳሩ ጽጌረዳ። መሐሉ ላይ ፈረስ ቆሟል። የጌጥ ሐውልት መስሎኝ ልስቅ ስል ጆሮውን አነቃነቀ።

አከራዩ አቶ ሽባባው፣ ሃምሳ የሚሆነው ቁመተ ረጅም ሰው፣ ከውጭ በር ላይ ሆኖ «እርስዎ ገብተው ይዩት እማማ፣ እኔ ጫማዬ ጭቃ ነው» አለኝ። ጭቃ በየካቲት! እኔ ግን ዓይኔ ሴራሚኩ ላይ ነበር። ፈረሱ ዳማ እንደሚባል፣ የሟች አባቱ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ፣ ቤቱን የሚከራይ ሰው ከነፈረሱ እንደሚከራይ ነገረኝና «ለመሆኑ ፈረስ ይወዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ «አልወድም» ብሎ ሌላ ቤት ይፈልጋል። እኔ ግን አገው ነኝ። የአዊን ሰው ፈረስ ትወዳለህ ወይ ማለት እናትህን ትወዳለህ ወይ እንደ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ ስሙ እስከ ዳንግላ የሚነሣ ጋላቢ ነበር። አፌ ከእኔ ቀድሞ «የፈረሰኛን ልጅ ፈረስ ትወዳለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» አለ።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። በቅሎዋ ከእኔ ትሻላለች፤ ቢያንስ ፈረስ አትፈራም። ለእናንተ አልደብቅም፤ በሰባት ዓመቴ የአባቴ ፈረስ መንገድ ላይ አሽቀንጥሮ ከጣለኝ ቀን ጀምሮ ፈረስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። አሳይታ የሄድሁት ለሥራ ነው እላለሁ። ግማሹ ምክንያት ግን እዚያ ያለው ግመል መሆኑ ነው።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ መጻሕፍቴ እርጥበት እርጥበት ቢሸቱኝ ፀሐይ ላሳያቸው ብዬ መስታወቱን ከፈትሁና ወለሉ ላይ ደረደርኋቸው። ወጥ ቤት ደርሼ ስመለስ ዳማ ሳሎን ውስጥ ቆሟል። አንድ ወፍራም የሥነ ምግባር መጽሐፍ ረግጦ መጋረጃዬን ያላምጣል። ተያየን፤ እሱ እንደ ባለቤት፣ እኔ እንደ ሌባ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መታጠቢያ ቤት ገብቼ መቆለፌን ነው። ቁልፉም ከእድሳቱ ጋር የተቀየረ ነበርና እግዜር ይስጠው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ሽባባው ጋ ደወልሁ። ፈረስህ ሳሎኔ ገብቷል ስለው «ታዲያ መታ አድርገው ያውጡት እንጂ፤ የፈረሰኛ ልጅ አይደሉ?» ብሎ የገዛ ቃሌን መልሶ አጎረሰኝ። «ማውጣቱማ አያቅተኝም» አልሁ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ሆኜ፣ «ግን የሰው ንብረት ባለቤቱ ሳይኖር መንካት ነውር ነው።» እሱም ስብሰባ ላይ ነኝ አለኝ። ስብሰባው ላይ ዶሮ ይጮህ ነበር።

ራሱ በመምጣት ፈንታ ሽማግሌ ላከብኝ። አያ ቸኮል ይባላሉ፤ የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ የሽባባው አባት ጓደኛ ነበሩ፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። በአገውኛ ሁለት ቃል ሲናገሩ ሰማሁ፤ ኮቴው ሴራሚኩን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ወጣ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ውጪ፤ ሄዷል» አሉኝ። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ልጅ ተብዬ ተጠራሁ። ክፉ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ለዕርቅ ተቀመጥን። አያ ቸኮል ሣሩ ላይ፣ እኔ ደፍ ላይ፤ ሽባባው ከቀርከሃው አጥር ውጭ፣ ራሱ ብቻ እየታየ። ወይ ፈረሱ ይውጣ ወይ እኔ እወጣለሁ አልሁ። «ይውጣ ካልሽ ይወጣል» አሉ አያ ቸኮል። «ሽባባው ሌላ ግቢ የለውም። ዳንግላ ጋሪ የሚነዳ ዘመድ አለው፤ ነገ ይወስደዋል። ብቻ ምክንያቱን ስጪኝ። አባትሽን ጉግስ ሜዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። የእሳቸው ልጅ ፈረስ ከግቢ አስወጣች ሲባል፣ ምን ሆና ነው ለሚለኝ ሰው ምን ልበል?»

ዳማን አየሁት። አፍንጫው ሸብቷል። ያን ሁሉ ሜዳ ጋልቦ በስተርጅናው የድንች ጆንያ ሊጎትት ነው። ርኅሩኅ አይደለሁም፤ መጽሐፍ አቆይተው የመለሱ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ግን ጡረተኛ ጡረተኛን ለጋሪ አሳልፎ ይሰጣል? ደግሞስ ምክንያቱ ምን ይባላል? የጋላቢው ልጅ ፈረስ ትፈራለች? እንደምንም እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አያ ቸኮል ወደ አጥሩ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትንጠለጠላለህ? ግባና የአባትህን ፈረስ ያዝ።»

«ጫማዬ ጭቃ ነው አያ ቸኮል።»

«አውልቀህ ግባ።»

ሽባባው ጫማውን አየ፤ ፈረሱን አየ። ዳማ ወደ አጥሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሽባባው ወደ ኋላ ሁለት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በራልኝ። ሰውየው የራሱን ቤት እንዲህ አሳምሮ አድሶ፣ ራሱ ሌላ ሰፈር ተከራይቶ መኖሩን ሰፈርተኛው በስስት ይተረጉምበታል። ምስኪን! የአባቱን ፈረስ ሸጠ እንዳይባል አይሸጠው፣ ፈራ እንዳይባል አይናገር። ቤቱን ያደሰው እኮ አብሮት የሚኖር ጀግና ለማግኘት ነው!

በአጥሩ ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱም የእኔን አውቋል።

«እንግዲህ» አልሁ፣ «ፈረሱ ይውጣ ያልሁት ብቸኝነቱ አሳዝኖኝ ነው። ግድ የለም፣ ይቆይ።»

«እኔም ከእማማ ጋር ስለተላመደ ነው እንጂ» አለ ሽባባው ከውጭ፣ «አብሮኝ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!»

አያ ቸኮል ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉ። «ሁለት ፈረሰኛ ባለበት ግቢ፣ ሰማንያ ዓመቴን ይዤ እኔን ምን አስጠራኝ?» ብለው ሄዱ። ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ይኸው አብረን እንኖራለን። ሽባባው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣና ድርቆሹን በአጥሩ ላይ ወርውሮ «እንዴት ያለ ፈረስ ነው!» ይላል። እኔም ከተዘጋው መስታወት ውስጥ ሆኜ «ምን ይወጣለታል!» እላለሁ። ደላላውን ባገኘው ልረግመው አስቤ ነበር። ሳስበው ግን አንድም ነገር አልዋሸም። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ቤቱ ታድሷል፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ተከራዩም በጣም ተመችቶታል። እኔም እንዳልረብሸው በጓሮ በር እየገባሁ እወጣለሁ።