ሊቀ መንበር ይሄነው በአውሮፕላን

በየቤቱ አንድ ሊቀ መንበር አለ። አይመረጥም፣ አይሻርም፣ ደመወዝም የለውም። ሥራው አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ከቤት በወጣ ቁጥር ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። ሰርግ ቤት ድንኳን ውስጥ ገብቶ አንገቱን አስግጎ ባዶ አግዳሚ ሲፈልግ፣ ጋቢውን ዘርግቶ «ተይዟል» ሲል፣ ሚስቱ ከኋላው ቆማ በሀፍረት መሬት መሬት ስታይ ያላጋጠመው ሰው የለም። እናንተም ቤት አለ። ዞር ዞር ብላችሁ ካጣችሁት እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

የመካነ ሰላሙ ሊቀ መንበር ክቡር አቶ ይሄነው ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ባለቤታቸው የትምወርቅ ናት፤ ያውም በሆዷ። በአፏማ «አንተ ሰውዬ» ነው የምትላቸው። የአቶ ይሄነው ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፦ «አንድ ላይ ነን»። ለሚኒባስ ረዳት ይህንኑ ይላሉ፤ ለሰርግ አስተናጋጅ ይላሉ። አንድ ጊዜ የትምወርቅን ጥርሷን አሟት ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሆነው «አንድ ላይ ነን» ስላሉ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ ካርድ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

የደሴን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሚኒባሱ ለሶስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ይጭናል፤ አራተኛው ሰው «ትርፍ» ይባላል። አቶ ይሄነው ትርፍ አያስጭኑም። በቤተሰባቸው መሃል ባዕድ ሰው ከሚገባ የትርፉን ሂሳብ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ረዳቱ ብሩን ተቀብሎ በሆዱ እየሳቀ ያልፋል። ከዚያ የሚሆነውን የትምወርቅ ቀድማ ታውቀዋለች። መኪናው ከተማውን ሳይለቅ አንዲት አሮጊት ዶሮዋን ታቅፋ በሩ ላይ ትቆማለች። አቶ ይሄነው ወደ ውጭ ያያሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ጥቂት ይቆዩና «እናቴ፣ ይምጡ ወዲህ። ተጠጉ እንጂ እናንተ» ይላሉ። ከፍለው በገዙት ቦታ አሮጊቷም ዶሮዋም በነጻ ይሄዳሉ፤ ቤተሰቡም እንደማንኛውም ተሳፋሪ ተጣቦ ደሴ ይገባል።

የትምወርቅን የሚያናድዳት ግን ክፍያው አይደለም። እሷን የሚያናድዳት መሃል ነው። «በር ዳር ነፋስ አለ፣ መስኮት ዳር ብርድ አለ፤ መሃል ደህና ነው» እየተባለች ከተዳረች ጀምሮ በሁለት ሰው መካከል ተቀርቅራ ነው የኖረችው። ይህን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የምታውቀው ከፊቷ በተቀመጠ ሰው ማጅራት ነው። ሌላው ተሳፋሪ ገደሉን እያየ «አይ የእግዜር ሥራ» ሲል ትሰማለች፤ ገደሉን ግን አላየችውም። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አገሯን በገዛ ዓይኗ ለማየት ያላት ምኞት ሌላ ሰው ለመሬት ወይም ለቤት ካለው ምኞት አያንስም።

«አንድ ለአምስት» የመጣ ጊዜማ ሊቀ መንበሩ ከራሳቸውም በለጡ። የቀበሌው ሰው ጎረቤት ከጎረቤት አምስት አምስት ሆኖ እንዲደራጅ ሲያስረዳ አቶ ይሄነው እጃቸውን አውጥተው «እኛ በቤት ውስጥ ተደራጅተናል» አሉ። እስቲ ይቁጠሩ ተባሉ። ራሳቸውን፣ የትምወርቅን፣ አቀስታ የሚያስተምረውን ልጃቸውን በፍቃዱን፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራውን ምህረትን ቆጠሩ።

«ምህረት እኮ አገር ውስጥ የለችም፣ ጋሼ ይሄነው።»

«ትመጣለች።»

«ብትመጣስ አራት ናችሁ።»

«አምስተኛውን እናንተ ስጡን። ብቻ አጠገባችን የሚቀመጥ ይሁን።»

ምህረት እውነትም መጣች። አሠሪዋ የሰጠቻት ፈቃድ አጭር ስለነበር ከአዲስ አበባ አልፋ መካነ ሰላም ደርሳ ለመመለስ አልቻለችም። ስለዚህ ለፋሲካ ወላጆቿንና ወንድሟን ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ልታስመጣቸው ቲኬት ቆረጠች። የትምወርቅ ይህን በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ባሏ ወደ ጓሮ እስኪወጡ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መስኮት አለው?» አለች።

«አለው እማዬ። ቦታውን የሚሰጡት ሻንጣ የሚረከቡት ልጆች ናቸው። ቀድመሽ ጠይቂያት።»

የትምወርቅ ይህን ምክር እንደ ንስሐ አባት ቃል ይዛ ኮምቦልቻ ደረሰች። አቶ ይሄነው ቅቤውንና ማሩን ለማስመዘን ጎንበስ ባሉበት ቅጽበት፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለችና «የኔ ልጅ፣ እኔን መስኮት አጠገብ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። ሶስት ወረቀት ሰጠች፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከጭራው አጠገብ።

አቶ ይሄነው ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩ።

«አንድ ላይ ነን» አሉ።

«አውቃለሁ አባቴ። ግን የበዓል ሰሞን ስለሆነ ሞልቷል። አንድ ላይ የቀረ ቦታ የለም፤ ወንበሩም ቢሆን ሁለት ሁለት ነው።»

«ሁለት ሁለት ከሆነ እንጠጋለን። ሶስታችንም ቀጫጮች ነን።»

«አባቴ፣ አውሮፕላን ላይ አይጠጉም።»

«በነጻ መች አልኩሽ? የትርፉን እንከፍላለን» አሉ፤ ኪሳቸውንም መዳበስ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ትርፍ ላለማስጫን ሲከፍሉ የኖሩት ሰው፣ ያን ቀን ራሳቸው ትርፍ ሆነው ለመጫን መክፈል አማራቸው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቶ ይሄነው ለልጅቷ አዘኑላትና ድምጻቸውን አለሳልሰው «አንቺ ምን ታደርጊ። ረዳቱን ጥሪልኝ» አሏት።

ረዳት አልተጠራም። በፍቃዱ አባቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ ውስጥ አስገባ። የመካከለኛው ቦታ ለሱ ደርሶት ነበርና ከወላጆቹ እኩል ርቆ በመቀመጡ የተሰማውን ደስታ ፊቱ ላይ ሊደብቀው አልቻለም። የትምወርቅ ከፊት መስኮቷን ያዘች። አጠገቧ ሱፍያን የሚባል የማሾ እህል ነጋዴ ተቀመጠ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲቀመጥ «አሰላሙ ዓለይኩም እናቴ» አላት፤ እሷም «ወዓለይኩም ሰላም» አለችው። አፍታ ሳይቆይ ሊቀ መንበሩ ከጭራው ተነስተው መጥተው ከሱፍያን ራስ በላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የምትለውን ልክፈልህና ቦታ እንለዋወጥ።»

ሱፍያን ሊነሳ ቀበቶውን ሲፈልግ የትምወርቅ ክንዱን ያዘችው። «ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ቀና ብላ «አንተም ሂድና ተቀመጥ። አንድ ቀን እንኳ በራሴ ልሂድ» አለች።

አቶ ይሄነው እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ሰምተው አያውቁም። ጥቂት ቆመው አዩዋት። አስተናጋጇ መጥታ «አባቴ ልንነሳ ነው» ስትላቸው ወደ ኋላ ተመለሱ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ የትምወርቅ ግንባሯን ከመስታወቱ ለጠፈች። የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሁሉ ከሥሯ ተነጠፈ። ያ የሚያንገላታ መንገድ ዳገቱን ሲዞር ታየ፤ የታረሰውና ያልታረሰው ማሳ ተለይቶ ታየ፤ ተራራው እግሯ ሥር ተኛ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሳቀች።

ከኋላ ድምጽ መጣ። «የትምወርቅ፣ አለሽ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

«በፍቃዱ፣ አለህ?»

«አለሁ አባዬ» አለ መምህር በፍቃዱ፣ ወንበሩ ውስጥ እየሰመጠ።

«የትምወርቅ?»

ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። ትንሽ ቆይተው እንደገና ጠሯት። አሁን ድምጹ የሊቀ መንበር አልነበረም፤ ቀጠን ብሏል። ሰዎች ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ።

«አባት ምን ሆነው ነው? ፈርተው ነው?» አላት ሱፍያን።

«አመሉ ነው ልጄ፣ አትስማው» አለች። ስለ አሮጊቷና ስለ ዶሮዋ ነግራ ልታስቀው ነበር ያሰበችው። አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር ወጣት።

እዚህ ላይ አንቱታውን እናንሳው፤ በዚያን ጊዜ ይሄነው ሚስት ያላገባ ጎረምሳ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከታላቅ ወንድሙ ከአራጋው ጋር እህል ፍለጋ ወጥቶ መጠለያ ገባ። ሰፈራ ተብሎ ሰው በመኪና ሲጫን ወንድማማቾቹ አንድ ሰልፍ ላይ ከፊትና ከኋላ ቆመው ነበር። የሚጭነው ሰውዬ እጁን በመካከላቸው አሳልፎ አራጋውን ወደ ፊተኛው መኪና፣ ይሄነውን ወደ ኋለኛው ላካቸው። «እዚያ ስትደርሱ ትገናኛላችሁ» አላቸው። መኪኖቹ የደረሱት አንድ ቦታ አልነበረም። ይሄነው ከሰፈራው ጠፍቶ በእግሩ አገሩ ገባ። አራጋው ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

«ወንድሜን ሲጭኑት ዝም ብዬ አየሁ ይላል» አለች የትምወርቅ። «አብረን ነን ብል ኖሮ ይላል።»

ይህን ነገር ከትዳሯ ጀምሮ ታውቀዋለች። ለሌላ ሰው ስትነግር ግን የመጀመሪያዋ ነው፤ በራሷ አፍ ሲወጣ ገና አዲስ የሰማችው መሰላት። አንጀቷን በላው። እሷ መሃል ተቀርቅራ በማጅራት ስትማረር፣ እሱ ዳርና ዳሩን ይጠብቅ ነበር።

«አላህ ያገናኛቸው» አለ ሱፍያን። ቀበቶ መፍታት ተፈቅዶ ነበርና ሳትለምነው የራሱን ፈታ።

«እሱ ሲለምንህ ከልክዬ፣ አሁን እኔው ላስነሳህ ነው። እንግዲህ ትርፉን እኔ ልክፈልህ» አለችው።

«ተዉ እናቴ። ዱዓ አድርጉልኝ፤ ይበቃኛል።» የትምወርቅም እዚያው እጇን ዘርግታ አደረገችለት።

ሱፍያን ወደ ጭራው ሄዶ ሲልከው፣ ይሄነው የወንበሩን ራስ በየተራ እየጨበጠ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ሰው ጎንበስ ብሎ መጣ። ደርሶም ከልማዱ የተነሳ «በይ ወደ መሃል ግቢ» አላት።

«መሃል የለውም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ ያዘ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር።

«ልጁስ?»

«አስተማሪ እኮ ነው፤ ተወው።»

ከዚያ «ምን ይታያል?» አላት።

የትምወርቅ ወደ መስኮቷ ዞረች። ከሱፍያን ጋር ስታወራ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ማሳ የለም፣ ተራራ የለም፣ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ብቻ ነው። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር እንደ ጀመረ አለቀ። መልሳ ባሏን አየችው፤ ዓይኑን እንደ ጨፈነ መልሷን ይጠብቃል።

«አገሩ ሁሉ ይታያል» አለችው።

«መካነ ሰላም?»

«ይኸው።»

«የእኛስ ቤት?»

«ቆርቆሮው ያብረቀርቃል።»

«ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ እይልኝ። ዳር ያለችውን አልቆረጧትም?»

«ማን ይቆርጣታል። ቆማለች።»

«አራቱም ረድፍ ደህና ነው?»

«ሶስት ረድፍ ነው።»

«አራት ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሶስት ነው አልኩህ። የማየው እኔ ነኝ።»

ይሄነው ተከራክሮ ተሸንፎ አያውቅም። «እሺ» አለ። እሷም ከአቀስታ ገበያ ጀምራ መንደሩን በመንደር፣ ደጁን በደጅ እያደረገች፣ አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ያላየችውን አገር ነገረችው።