ችግራችሁን ንገሩን የተባልን ቀን

ሰውን «ምን ቸገረህ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና እዩት። እኛ ዘንድ ጤና ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ»፣ ኑሮ ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ግድግዳ ተደርምሶበት እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ አስቀድሞ ጌታውን ያመሰግናል፤ የእግሩን ነገር የሚያነሳው ሦስተኛው ሻይ ላይ ነው። ለነፍስ መልካም ነው። ለፎርም ግን አይመችም።

ይህን የተማርኩት ሐርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ቀና ማለት በጀመረችበት ጊዜ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ስኖር ነው። ከድሬዳዋ መጥቼ ዋሄን ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት ሠራተኛ የሚሞላ ፎርም በብብቱ ሸጉጦ መጣና ሰበሰበን። ለተቸገረ የሚታደል የጣሪያ ቆርቆሮ አለ፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን ከእንግዲህ ቢሮው ሳይሆን ነዋሪው ይወስናል አለን።

ዓይኔ ኤዶ ሐዋ ላይ ነበር። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ከስደተኛ ካምፕ ሲመለሱ ቤታቸውን ያለ ጣሪያ አገኙት፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሸራ ወጥረው ይኖሩ ነበር። የሸራውን ቀዳዳ የምጥፍላቸው እኔ ስለነበርኩ፣ አንድ ዝናብ እንኳ እንደማይችል አውቃለሁ። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

ወጣቱ «ኒድስ አሰስመንት» ያለውን የችግር ጥናት ጀመረ። አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም አመሰገነ። ኤዶ ሐዋም ተራቸው ሲደርስ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም አሉ። ወጣቱ የዋህ ነው፣ እንደተባለው ጻፈ። በፎርሙ መሠረት ሼክ ኑር የጠገበ ሰፈር ሆኖ አረፈው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኛ ዝም ስንል ቆርቆሮው ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄድ ነው።

ወረቀቱን ሲሰበስብ ግድግዳ ተደግፌ ተነሳሁና፣ ሰውን ስለ ራሱ አትጠይቀው፣ ስለ ጎረቤቱ ጠይቀው አልኩት። ጀማሪ ልሁን ብዬም የኤዶ ሐዋን ሸራ ከነቀዳዳው ዘረዘርኩ። የሰው ገመና በአደባባይ ማውጣት ከስድብ አይሻልም። ኤዶ ሐዋ ቀስ ብለው ሲነሱ እርግማናቸውን ጠበቅሁ።

«መልካም» አሉ። «ጎረቤት ስለ ጎረቤት ይናገር ከተባለ እኔም አለኝ። ይህ ልጅ የአገሩን ሱሪ ሁሉ ይሰፋል፤ የራሱ ግን ከኋላው ተቀዷል። ግድግዳውን የማይለቀው ለዚህ ነው። ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! አንዱ የጎረቤቱን የተገነጠለ በር፣ ሌላዋ የጎረቤቷን የተሸነቆረ በርሜል፣ ሲደበቅ የኖረው ጉድ ሁሉ ወጣ። ወጣቱ ወረቀት አለቀበት።

ቆርቆሮው ከዝናቡ ቀድሞ ደረሰ። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ኤዶ ሐዋ ቤት ነበርኩ፤ ሕፃናቱ በደረቅ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልደብቅም። ችግሩ፣ ቆርቆሮው ከመታደሉ በፊት የነዋሪ ውሳኔ ነዋሪው ሳይሰማው አይጸድቅም ተባለና ቃለ ጉባኤው ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከነሱሪዬ፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሱሪውን በዚያው ሳምንት ጠግኜዋለሁ። ዋሄን ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ ሰላም ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ ኋላዬን ያያል። ሰፈርተኛ መሆን ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ባዕድ ሳለሁ ሱሪዬን የሚያይልኝ አልነበረም።