ከዛሬ ጀምሮ

በየቀበሌው አንድ ሕግ አውጪ አባት አይጠፋም። መንግሥት ሕግ ሲያወጣ ምክር ቤት ይሰበሰባል፤ ለእሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ዋንጫ ጠላ ይበቃዋል። በታች ጋይንት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ፈንታው ናቸው። አዋጃቸው ሁሉ "ከዛሬ ጀምሮ" ብሎ ይከፈታል። እሑድ ይታወጃል፣ ሰኞ ይከበራል፣ ማክሰኞ ይላላል፤ ረቡዕ ላይ አዋጅ ነጋሪው ራሳቸው ረስተውት ይገኛሉ።

ልጃቸው የትናየት ይህን ስትሰማ አድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚዋሽ እራት የለውም" በተባለበት ዕለት፣ ማምሻውን በሬ ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ደጅ ላይ ሲጣራ፣ አባቷ መደብ ላይ እንደተጋደሙ "የለም በይው" አሏት። እራታቸውን ግን በልተዋል። "ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የሚነካ የለም" ብለው የቤቱን ስልኮች ገብስ ውስጥ የቀበሩ ጊዜ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ጎተራው ጮኸ። የደወለው የበቅሎ ደላላ ነበር። ክቡርነታቸው እስከ ወገባቸው ጎተራ ገብተው እግራቸው ውጭ ሲወራጭ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ውባለም ቆመው አዩና "ሕጉም አብሮ ተቀበረ" አሉ።

ቁጣቸውም እንዲሁ ነበር። የትናየት ሰሃን ስትሰብር "ክፉውን ይዞ ይሂድ" ብለው ሳቁ፤ በሳምንቱ ማንኪያ ብትጥል ግማሽ ቀን ጮኹባት። ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስፈራት የትኛው እንደሚመጣ አለማወቋ ነበር።

ስለ ጽናት ሲያስተምሩ ግን ሰባኪ ያስንቃሉ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።"

"እንቁላሉስ ይሄዳል" ይላሉ ወይዘሮ ውባለም ወጣቸውን እያማሰሉ፣ "አንተ ናህ ረቡዕን መሻገር ያቃተህ።"

የትናየት እንደ ብዙ የገጠር ተማሪ አርብ ገበያ ከተማ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቋን አባቷ በየሳምንቱ በገበያው ቀን በአህያ ያመጡላታል። እሷም የአባቷ ልጅ ናት። ግድግዳዋ ላይ የጥናት ፕሮግራም ለጥፋ፣ በላዩ ሌላ እየደረበች፣ ዘንድሮ ስምንት አድርሳዋለች። ሁሉም "ከሰኞ ጀምሮ" ይላሉ። አብራት የምትኖረው ሃይማኖት "ከብርድ እንኳ ጠበቅሽን" ትላታለች።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲመጣ የትናየት ከሃምሳ ሁለት ተማሪ አርባ አንደኛ ወጣች። እሑድ ቤት ሄዳ ካርዷን አሳየች። አባቷ አዩት፤ ጠላቸውን ሳይነኩ ተናገሩ።

"ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ የሚባል የለም። አርብ አህያዋን ባዶዋን ነድቼ መጥቼ ዕቃሽን ጭኜ እመልስሻለሁ።"

ከተመለሰች የአገር አቀፉ ፈተና ቀረ ማለት ነው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን ረቡዕ እንደ በዓል ጠበቀችው። ቀኑ ሲደርስ ደወለች።

"አባየ፣ ያ ያሉት ነገር እንዴት ሆነ?"

"እንዳልኩት ነው" አሉና ዘጉ።

"ሰው መቼም ይለወጣል" አለች ሃይማኖት፣ ማጽናናቷ ነበር።

ሐሙስ ማታ የትናየት ፍራሿን ጠቀለለች። አርብ ከትምህርት ስትመለስ አህያዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ አባቷ ከጀርባዋ ላይ ጆንያ እያወረዱ ናቸው።

"በሶው ከላይ ነው፣ ሽሮው ከሥር። እናትሽ ድርቆሽም ጨምራለች።" የተጠቀለለውን ፍራሽ አዩ። "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጭኜ እመልስሻለሁ ብለው አልነበር?"

አቶ ፈንታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ብያለሁ። ከሚመጣው አርብ ጀምሮ።"

አህያዋን አዙረው ወደ ገበያው ወረዱ። የትናየት ጆንያውን እንደያዘች ቆማ አሰበች። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ይህ ጆንያ ያልመጣበት አርብ የለም። መንገዱ ጭቃ ሲሆን መጥቷል፤ እህል አውድማ ላይ ተበትኖ ሰው በሚፈለግበት ሰሞንም መጥቷል። አባቷ በዕድሜያቸው ሙሉ ሳያዛንፉ የያዙት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ቀንም አውጀውት አያውቁም።

ፍራሿን መልሳ ዘረጋች። ስምንቱን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ገነጠለች፤ ዘጠነኛ አልለጠፈችም። ሰኞ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር፤ እሷ የሒሳብ ደብተሯን ከፈተች።