በሙሉ ስምምነት የተጠናቀቀ ውድድር

በአካባቢያችን የፍትሕ ታሪክ እንደ ዘንድሮው ያለ ዓመት አልታየም። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ኮሌጆች የሕግ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ውድድር ሕግ ላይ ምስለ ችሎት ገጠሙ። «ጤናማ ውድድር ለጤናማ ገበያ» የሚል ባነር ሰቀልን። ሰቀልን የምለው የአዘጋጅ ኮሚቴው አባል ስለሆንኩ ነው። ባነሩ ትንሽ ዘሟል፤ ዓላማው ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ለአሸናፊው ቡድን ዋንጫ፣ ለዋና ተከራካሪው ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ሥራ ተዘጋጅቷል። ይህቺ ሥራ የሱሉልታዋን ጂጂን እንቅልፍ ነስታታለች። ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ ከእሷ በፊት የተመረቁት እስካሁን ሲቪ እያባዙ ፎቶ ኮፒ ቤት ያበለጽጋሉ።

ለዳኝነት ከየከተማው አንድ የተከበረ ሰው መረጥን። ሰብሳቢው ኦቦ ሊቤ ናቸው። ሕግ አልተማሩም፤ ይህም ከአድልዎ ነፃ ያደርጋቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲያስታርቁ ነው የኖሩት።

የቡራዩ ቡድን በማጣሪያው ስለወደቀ ምሳ እንዲያስተባብር ተደረገ። ለፍጻሜው ጂጂ ከሳሽ፣ የሰበታው ሕዝቅያስ ተከላካይ ሆኑ። ጉዳዩ የፈጠራ ነው፦ የአንዲት ከተማ ሦስት ወፍጮ ቤቶች ተመካክረው ዋጋ ጨመሩ፣ ሰፈሩንም ተከፋፈሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሾቹ ተስማምተዋል» አለች ጂጂ።

«ተስማምተዋል?» አሉ ኦቦ ሊቤ ፊታቸው በርቶ። «እሰይ። ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ?»

«ጥፋታቸው መስማማታቸው ነው።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው በመስማማቱ ሲከሰስ ዛሬ ገና ሰማሁ። እሺ፣ ማን ተጎዳ?»

«ሸማቹ።»

«ተጎጂው እዚህ አለ? በይ ይነሳና እንየው።»

ጂጂ አልደነገጠችም። እህሏን ተሸክማ ከወፍጮ ወፍጮ የምትዞር እናት፣ አንዱ «የኛ ሰፈር አይደለሽም» ሲላት፣ ሌላው ያንኑ ዋጋ ሲጠራባት አንድ በአንድ አስረዳች። ሕዝቅያስ ተነስቶ ውኃ ጠጣ፤ «በጽሑፍ ያቀረብነውን እናጸናለን» ብሎ ተቀመጠ። የራሱ ቡድን ሳይቀር ለጂጂ አጨበጨበ።

ዳኞቹ ለምክክር ገብተው በሩን ዘጉ። ሲወጡ ሦስቱም ፈገግ ብለዋል።

«ውጤቱ ከተሞቻችንን እንዳያቀያይም ተስማምተናል» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ዋንጫውም ሥራውም ዘንድሮ ለሰበታ፣ ለከርሞ ለቡራዩ፣ በሦስተኛው ዓመት ለሱሉልታ ይሆናል። በዚህ ማንም አይጎዳም።»

እኛ ኮሚቴዎቹ ቆመን አጨበጨብን። ማንም ማንንም ያላሸነፈበት እንዲህ ያለ ጤናማ ውድድር ከየት ይገኛል? ጭብጨባው ሲበርድ ሁላችንም ተቀመጥን፤ ጂጂ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ክቡር ዳኛ፣ ቅድም ተጎጂው ይነሳና እንየው ብለው ነበር።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ይኸው ተነስቻለሁ።»

ኦቦ ሊቤ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ከልባቸው ነው ያደነቋት።

«ግሩም ክርክር ነው» አሉ። «አደራ እንዳትረሺው፤ በሦስተኛው ዓመት ተራችሁ ሲደርስ ትደግሚልናለሽ።»